ዱላው በእኛም እጅ ነበር

«ማዕቀብ የነጭ ዱላ ነው» የምትሉ የጉለሌ ወዳጆቼ፣ ልቃወማችሁ ነው። አሜሪካ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከአጎዋ ስታስወጣን አብሬያችሁ ጮኼያለሁ፤ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልጆች ምን አጠፉ ብዬ። ግን እኛስ ዱላውን አልያዝነውም?

በ1990 ዓ.ም. ኤርትራ ናቅፋን ስታወጣ «ንግዳችን በዶላር ይሁን» አልን። በግንቦት ጦርነቱ ሲፈነዳ አሰብን ትተን ወደ ጅቡቲ ዞርን፤ በ1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ ከተፈራረምን በኋላም አልተመለስንም። ቀጥሎ ከኢጋድ ጋር ሆነን ወተወትን፤ የጸጥታው ምክር ቤት በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. በኤርትራ ላይ የጣለው ማዕቀብ እስከ ኅዳር 2011 ዓ.ም. ቆየ።

ምን ተገኘ? አቶ ኢሳያስ ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። የአሰብ ወደብ ግን ጭር አለ፤ ጫኝ አውራጁ ሥራ ፈታ፤ ከእነሱም ውስጥ የእኛው ሰዎች ነበሩበት። የወደቡን ሒሳብም ይኸው ለጅቡቲ እንገፈግፋለን።

ማዕቀብ መሪን ሊቀጣ ወጥቶ ተመሪውን ቀጥቶ ይገባል። ጥቁር እጅ ስለያዘው ዱላው አይለዝብም። ነገ መንግሥታችን ከጎረቤት ተኳርፎ «በር እንዝጋ» ቢል፣ ለአጎዋ የጮኽን ሁሉ ያኔም እንጩህ።