ማሽኑ አውቆ ነው ወይስ ገምቶ?

«ማሽኑ እንዲህ ብሏል» የሚለው ቃል የቼዝ ክርክር መዝጊያ ከሆነ ሰነበተ። ውድድር በቀጥታ ሲተላለፍ ከሰሌዳው ጎን የኮምፒውተሩ ቁጥር ይታያል። ቁጥሩ በወረደ ቁጥር፣ ሦስት እርምጃ አስቀድሞ ማየት የማይችል ተመልካች በታላላቅ ተጫዋቾች ይሳለቃል። ቁጥሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፍርድ ሳይሆን ግምት ነው።

ማስረጃው ይኸው። በ2017 የእንግሊዛዊው ሊቅ የሮጀር ፔንሮዝ ተቋም አንድ የመጨረሻ ምዕራፍ አቀማመጥ ይፋ አደረገ። ነጭ ያለው ንጉሥና አራት ወታደር ብቻ ነው። ጥቁር ከንጉሡ ሌላ ንግሥት፣ ሁለት ግንብ፣ ሦስት ቢሾፕና አምስት ወታደር አለው። ፕሮግራሞች ጥቁር በሰፊው እየመራ ነው አሉ። ነገር ግን ንግሥቲቱና ግንቦቹ በገዛ ወታደሮቻቸው ታጥረዋል፤ ሦስቱም ቢሾፖች የሚሄዱት በጥቁር ቤቶች ብቻ ነው። ነጩ ንጉሥ በነጭ ቤቶች ላይ ወዲያ ወዲህ ካለ የሚነካው የለም። ውጤቱ አቻ ነው። ደህና ተጫዋች የሚያየውን ምሽግ፣ ጠጠር የሚቆጥረው ማሽን ሳተው።

ማሽኑ ደካማ ነው ማለት አይደለም። በ2018 ለንደን ላይ በዓለም ሻምፒዮና 6ኛ ጨዋታ፣ ፋቢያኖ ካሩዋና ማግነስ ካርልሰንን የሚያሸንፍበት መንገድ ነበረው። ኮምፒውተር አየው፤ ካሩዋና አላየውም፤ ጨዋታው በአቻ አለቀ። እዚያ ማሽኑ እስከ ቼክሜት አስልቶ ነበር።

ከዚህም የጠነከረ አለ። ንጉሦቹን ጨምሮ ሰባት ጠጠርና ከዚያ በታች ለቀረበት አቀማመጥ፣ ከቼክሜት ወደ ኋላ እየተቆጠረ የተሠራ ሙሉ ሰንጠረዥ አለ። ይህ ግምት አይደለም፤ የመጨረሻ መልስ ነው። መጻሕፍት ከ1851 ጀምሮ ሁለት ቢሾፕ አንድን ፈረስ በአንድ የታወቀ መከላከያ ማሸነፍ አይችልም ሲሉ ኖረዋል። በ1983 የኬን ቶምፕሰን ሰንጠረዥ ይቻላል አለ፤ እስከ 66 እርምጃ ቢፈጅም።

እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ «መጽሐፉ ብሏል» ሲባል ኖሮ ስህተት ሆኖ ተገኘ። ዛሬ «ማሽኑ ብሏል» የሚለው ሰው ጌታ ቀየረ እንጂ ማሰብ አልጀመረም። መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ ማሽኑ እስከ መጨረሻው አይቶ ነው ወይስ ገምቶ? ይህን ሳይጠይቅ በተጫዋች የሚስቅ፣ የሚስቀው በገዛ አላዋቂነቱ ነው።