የማዋለጃ ክፍሉ ጸጥ ሲል እናቶች የት ናቸው?

በጤና ጣቢያ የማዋለጃ ክፍል ሥራ የሚበዛበትም የሚቀዘቅዝበትም ወቅት አለ። ባለፈው ወር አልጋ አልበቃ ብሎት የነበረ ክፍል በዚህ ወር ለቀናት አንዲት ወላድ ሳያስተናግድ ሊሰነብት ይችላል። ባለሙያዋ ቦታዋ ላይ ናት፤ መድኃኒቱም አለ፤ የምትመጣ እናት ግን የለችም። ብዙዎቻችን ይህን ጸጥታ እንደ እፎይታ እናየዋለን። በእኔ እምነት ግን በማዋለድ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ትኩረት የሚያሻው ጊዜ ይህ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። በአገራችን በየዓመቱ ከ1000 ሰው መካከል በግምት 30 ሕፃናት ይወለዳሉ። 25 ሺህ ሕዝብ በሚያገለግል ጤና ጣቢያ ክልል ውስጥ በዓመት 750 ያህል፣ በወር ከ60 በላይ፣ በቀን ደግሞ ሁለት ያህል ወሊድ አለ ማለት ነው። የወሩ መዝገብ 15 ወላዶችን ብቻ ካሳየ ቀሪዎቹ 45 እናቶች ሌላ ቦታ ወልደዋል። ጥቂቶቹ ሆስፒታል ሄደው ይሆናል፤ የቀሩት ግን ቤታቸው ናቸው። ሥራው ቀዝቅዟል ስንል ምጡ ቆሟል ማለታችን አይደለም።

የምዕራብ ደቡብ ወሎን መልክዓ ምድር የሚያውቅ ሰው ይህ ለምን እንደሚሆን አይጠፋውም። ወግዲን ከምሥራቅ ጎጃም የሚለያት ዓባይ ነው። ከደጋው አምባ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርዱት ቀበሌዎች ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ ወንዙ ይሞላል፤ መንገዱም በጭቃ ይያዛል። አምቡላንስ መድረስ ካልቻለ ያለው አማራጭ ወሳንሳ ነው። ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ የሆነች እናት ደግሞ ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል፣ ከዚያም ካለፈ እስከ ደሴ መሄድ ይኖርባታል። በዚህ ላይ ወቅቱ የእርሻና የአረም ነው። ልጆቹንና ከብቱን ማን ይይዝላታል የሚለው ጥያቄ እናቲቱን ከቤት ያስቀራታል።

የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ድርሻ በ2008 ዓ.ም ከነበረበት 26 በመቶ በ2011 ዓ.ም ወደ 48 በመቶ ከፍ ብሏል። ዕድገቱ የሚያስደስት ነው፤ ሆኖም በዚያ ጊዜም ቢሆን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወሊድ ከተቋም ውጭ ነበር።

እንግዲህ ሥራ በቀዘቀዘበት ሰሞን ምን ይደረግ? የመጀመሪያው ነገር ዝርዝሩን ይዞ መውጣት ነው። የቅድመ ወሊድ ክትትል መዝገብ በዚህ ወርና በሚቀጥለው ወር የሚወልዱት እነማን እንደሆኑ ይናገራል። አዋላጅ ነርሷና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ዝርዝሩን ተካፍለው እያንዳንዷን ነፍሰ ጡር ቢያገኙ፣ ወሳንሳ የሚሸከሙትንና ደም የሚሰጡትን ዘመዶች አስቀድመው ቢያነጋግሩ ጸጥታው ወደ ሥራ ይለወጣል። የነፍሰ ጡሮች ኮንፈረንስም በዚህ ጊዜ ቢጠራ መልካም ነው። ወሎ ላይ ቡና ተፈልቶ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ሽማግሌው መርቆ የተነገረ ነገር ከግድግዳ ማስታወቂያ የበለጠ ይሰማል። የልምድ አዋላጆችም ከዚህ ስብስብ መገለል የለባቸውም። እናቲቱን አጅበው እንዲያመጡ ቢጋበዙ ለጤና ጣቢያው ትልቅ አጋር ይሆናሉ።

ሁለተኛው የእናቶች ማቆያ ክፍሉን ማሰናዳት ነው። በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል ይህን አሠራር ከጀመረ ረጅም ዘመን ሆኖታል። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ያለውን መዝገቡን የመረመረ ጥናት፣ በማቆያው ቆይተው ከወለዱት መካከል ሞተው የተወለዱ ሕፃናት ከ1000 ወደ 18 ሲሆኑ በቀጥታ ከመጡት እናቶች ዘንድ 191 ያህል መሆናቸውን አሳይቷል። በቀጥታ ከሚመጡት ብዙዎቹ ችግሩ ከጠና በኋላ የሚደርሱ ስለሆኑ ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ውጤት ነው አይባልም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፤ ምጥ ሳይጀምራት የደረሰች እናት ወንዝ መሻገር አይጠበቅባትም። ማቆያው ግን ማገዶ፣ የገንፎ እህል፣ ንጹሕ ብርድ ልብስና ለአስታማሚ የሚሆን ቦታ ከሌለው ባዶውን ይከርማል።

ሦስተኛው እጅን ከሙያው አለማራቅ ነው። ለሳምንታት ያላዋለደ እጅ ይረሳል። ታንዛኒያ ውስጥ በሃይዶም ሆስፒታል የአንድ ቀን ሥልጠና ብቻ በተሰጠ ጊዜ አሠራሩ እምብዛም አልተለወጠም። በየሳምንቱ ለጥቂት ደቂቃዎች በአሻንጉሊት ሕፃን ላይ መለማመድ ከተጀመረ በኋላ ግን በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱ ሕፃናት ከ1000 ከ11 ወደ 7 ዝቅ ብለዋል። ትንፋሽ ያጠረውን ሕፃን በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ አየር መስጠት፣ የእናቲቱን ደም መፍሰስ ማስቆም፣ ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጡን ማረጋገጥ፣ የአምቡላንሱን ነዳጅ ማየት፤ እነዚህ ሁሉ ወላድ በሌለችበት ሰዓት የሚሠሩ ናቸው።

በከተማ የግል የእናቶች ክሊኒክ ያላቸው ባለሙያዎች ፈተና ደግሞ የተለየ ነው። ወላድ ጠፋ ብሎ የቤት ኪራይና ደመወዝ አይቆምም። ገበያ ሲቀንስ የማያስፈልግ ምርመራና ቀዶ ሕክምና ማብዛት ግን እናትን መጉዳት ነው። ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድና የድኅረ ወሊድ ክትትል ጨምሮ መሥራት፣ በደህናው ወር ለቀዝቃዛው ወር መቆጠብ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። ቤታችሁ ከጤና ጣቢያ የራቀ ወይም ወንዝ የሚያግደው ከሆነ መውለጃዋ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው እናቲቱን ወደ ማቆያ አድርሷት። ደም መፍሰስ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ማንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ የሽርት ውኃ መፍሰስ ወይም የሕፃኑ እንቅስቃሴ መቀነስ ከታየ ግን ቀን አትቁጠሩ፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ውሰዷት።

የጤና ጣቢያ ኃላፊዎችም በየወሩ ሪፖርት ሲያዘጋጁ ስንት እናቶች እንደመጡ ብቻ ሳይሆን ስንት ይጠበቁ እንደነበር አብረው ይጻፉ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት በየመንደሩ በምጥ ላይ ያለች እናት ናት። እርሷን ፍለጋ ለመውጣት ደግሞ ሥራ ከቀዘቀዘበት ሳምንት የተሻለ ጊዜ የለም።