ኮሌጆችን ማዋሃድ፦ ሰሌዳ መቀየር ወይስ ተቋም መገንባት?

በአንድ ከተማ ውስጥ ተበታትነው የሚገኙ ኮሌጆችን አዋህዶ አንድ ትልቅ ተቋም የማድረግ ሐሳብ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ገንዘብ ያመራል። አምስት ዲን፣ አምስት ሬጅስትራርና አምስት የሒሳብ ክፍል ከሚኖር አንድ አንድ ይበቃል ይባላል። አባባሉ እውነትነት አያጣም። የጉዳዩ ዋና ፍሬ ግን እዚያ ላይ አይደለም። አንድ ትንሽ ኮሌጅ የቱንም ያህል ቢተጋ ብቻውን ሊያቆማቸው የማይችላቸው ነገሮች አሉ፤ የማስተማሪያ ሆስፒታል፣ የተሟላ የምርምር ቤተ ሙከራና የዶክትሬት ትምህርት ከእነዚህ ውስጥ ይጠቀሳሉ። ውህደት የሚደገፈው እነዚህን ሲያስገኝ ነው። የሪያድ ከተማ ያለፈችበት መንገድ ይህን በግልጽ ያሳያል።

በሳዑዲ ዐረቢያ የመጀመሪያው የሴቶች የትምህርት ኮሌጅ በሪያድ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ከዚያ በኋላ በዋና ከተማዪቱም ሆነ በሌሎች ከተሞች በርካታ የሴቶች ኮሌጆች ተከፈቱ። ኮሌጆቹ ይተዳደሩ የነበሩት በዩኒቨርሲቲዎች ሥር ሳይሆን የልጃገረዶችን ትምህርት ለብቻው ይመራ በነበረው ጠቅላይ መሥሪያ ቤት ሥር ነበር። ዋነኛ ተግባራቸውም ለልጃገረዶች ትምህርት ቤቶች መምህራንን ማፍራት ነበር። ይህ ራሱ ትልቅ ውለታ ነው፤ በመላ አገሪቱ የሴቶች ትምህርት የተስፋፋው በእነዚህ ምሩቃን ትከሻ ላይ ነውና። ይሁን እንጂ ሐኪም ወይም የኮምፒውተር ባለሙያ የመሆን ምኞት የነበራት ወጣት በዚያ በር ገብታ የምታገኘው እምብዛም ነበር።

ለውጡ የመጣው በአሳዛኝ አጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2002 በመካ በአንድ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት የተነሳው እሳት የ15 ተማሪዎችን ሕይወት ቀጠፈ። ወዲያውም ጠቅላይ መሥሪያ ቤቱ ወደ ትምህርት ሚኒስቴር እንዲጠቃለል ተደረገ። የአስተዳደሩ ግድግዳ ከፈረሰ በኋላ በየአውራጃው የነበሩት የሴቶች ኮሌጆች በአቅራቢያቸው ወዳሉት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዛወሩ፣ የሪያዶቹ ደግሞ ተዋህደው ራሱን የቻለ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2008 ንጉሥ አብደላህ ቢን ዐብዱልዐዚዝ የአዲሱን ግቢ የመሠረት ድንጋይ አኖሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም በመንግሥቱ መሥራች በንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ እህት በልዕልት ኑራ ቢንት ዐብዱረሕማን ስም ተሰየመ። ግቢው በ2011 ተመረቀ። ስፋቱ ስምንት ሚሊዮን ካሬ ሜትር ሲሆን የማስተማሪያ ሆስፒታልና ያለ ሾፌር የሚሄድ የውስጥ ባቡር አለው። ዛሬ የሕክምና፣ የጥርስ ሕክምና፣ የፋርማሲ፣ የነርሲንግ፣ የኮምፒውተርና የምህንድስና ኮሌጆችን አቅፏል። ከተበታተኑት የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች አንዱ ብቻውን ሆኖ እዚህ ይደርስ ነበር ብሎ የሚከራከር አይገኝም።

የዚህ ሁሉ ዋጋ ግን አልነበረም ማለት አይቻልም። በሰፈር አቅራቢያ ያለ ትንሽ ኮሌጅ አንድ ትልቅ ጸጋ ነበረው፤ አባት ወይም ወንድም ወደ ሥራው ሲሄድ ልጅቷን በመንገዱ አድርሷት ያልፋል። አዲሱ ግቢ ግን ከከተማው መሐል ርቆ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው አቅጣጫ ነው የተሠራው። ሴቶች መኪና እንዲያሽከረክሩ የተፈቀደው በጁን 2018 መሆኑ ሲታሰብ፣ በደቡባዊ ሪያድ ለምትኖር ተማሪ ውህደቱ በቅድሚያ የትራንስፖርት ጥያቄ እንደነበር መገመት አያዳግትም። በሪያድ የቤተሰብ ሾፌር ሆኖ የሠራ ሰው የጠዋቱን የመኪና ሰልፍ ያውቀዋል። ግቢውን ከከተማው ጋር የሚያገናኘው ሜትሮ አገልግሎት የጀመረው በዲሴምበር 2024 ነው። የግቢው የውስጥ ባቡር የከተማውን ባቡር ከዐሥር ዓመት በላይ ቀድሞ መጓዙ እቅድ አውጪዎች ሊያስቡበት የሚገባ ነገር ነው።

አማርኛ ተናጋሪው አንባቢ ከዚህ የቀደመ ሌላ ውህደት ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1961 በአዲስ አበባ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም፣ በ1950 የተከፈተውን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ የአምስት ኪሎውን የምህንድስና ኮሌጅና ከስዊድን ጋር በመተባበር የተመሠረተውን የልደታ የሕንፃ ኮሌጅ በአንድነት ጠቀለለ። በዚያው ላይ የጎንደርን የጤና ጥበቃ ኮሌጅና የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ ጨመረ። ንጉሠ ነገሥቱ የስድስት ኪሎውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። የእነዚህ ኮሌጆች አመጣጥ ግን እጅግ የተለያየ ነበር። አንዱን የካናዳ ኢየሱሳውያን፣ ሌላውን ስዊድኖች፣ ዓለማያን ደግሞ አሜሪካውያን በየራሳቸው ልማድ ነበር ያደራጁት።

ውጤቱን ጊዜ ለየው። ዓለማያ በ1985 ራሱን ችሎ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ጎንደርም በራሱ መንገድ ሄደ። አምስት ኪሎና ልደታ ግን እስከ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ናቸው። በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ያሉ ተቋማትን በደብዳቤ ማዋሃድ ይቻል ይሆናል፤ መምህሩ ጠዋት በአንዱ ግቢ፣ ከሰዓት በሌላው ሊያስተምር የሚችለው ግን በአንድ ከተማ ውስጥ ብቻ ነው። በከተማው ውስጥም ቢሆን ነገሩ ወዲያው አይሰምርም። ስድሳ ዓመት አልፎም ተመራቂው ራሱን ‹‹የአምስት ኪሎ ልጅ›› እያለ ነው የሚጠራው።

ይህ የስም ፍቅር እንደ ተራ ግትርነት መታየት የለበትም። አቡ ዳቢ እ.ኤ.አ. በ2017 የኸሊፋ ዩኒቨርሲቲን፣ የማስዳር ኢንስቲትዩትንና የነዳጅ ኢንስቲትዩትን ስታዋህድ፣ አንዱ በታዳሽ ኃይል ምርምር ሌላው ነዳጅ ዘይትን በማጥናት ስም ያተረፉ ነበሩ። አዲሱ ተቋም ገዝፏል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ውህደት የእያንዳንዱን ልዩ ሙያ በትልቁ ስም ውስጥ እንዳያደበዝዝ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ለዚህ የእስልምናው ዓለም የቆየ መልስ አለው። በባግዳድ የነበረው ኒዛሚያ መድረሳ ለሻፊዒይ መዝሀብ ብቻ የቆመ ነበር። ኸሊፋ አል-ሙስተንሲር በጤግሮስ ዳር አስገንብተው በ631 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም በ1234 ያስመረቁት ሙስተንሲሪያ ግን አራቱንም መዝሀቦች በአንድ ጣሪያ ሥር ሰበሰበ። አንዱ በሌላው እንዲዋጥ አልተደረገም፤ እያንዳንዱ የራሱ መምህርና የራሱ የማስተማሪያ ስፍራ ነበረው። የጋራ የሆኑት ቤተ መጻሕፍቱ፣ የሕክምና ትምህርቱና የወቅፉ ገቢ ነበሩ። ዛሬ ኮሌጅ ለማዋሃድ የሚነሳ አስተዳደር የትኛውን በጋራ እንደሚይዝ፣ የትኛውን ለየክፍሉ እንደሚተው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም።

ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ ቀድሞ የተመረቀው ሰው ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሥራ የሚፈልግ ባለሙያ የትምህርት ማስረጃው ከሰጠው ተቋም ጀምሮ በሚኒስቴርና በኤምባሲ ማኅተም እንዲረጋገጥ ይጠየቃል። ኮሌጁ በስም ከጠፋ፣ መዝገቡ በአንድ መጋዘን ከተቆለለና ለጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሠራተኛ ካልተመደበ፣ የነርስነት ዲፕሎማዋን ይዛ ጂዳ ወይም ዱባይ የተቀመጠች እህት ማስረጃዋ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀርባታል። ስለዚህ የውህደት አዋጅ ሲረቀቅ ከአዲሱ ፕሬዚዳንት ሹመት እኩል መታየት ያለበት አንቀጽ አለ፤ የፈረሰውን ኮሌጅ መዝገብ ማን እንደሚረከብ፣ የቀድሞ ተመራቂ በየትኛው መስኮት ቀርቦ በስንት ቀን መልስ እንደሚያገኝ የሚደነግገው ነው።