አራት የሕይወት ነጥብ ያለው ገበሬ

በዓለም ላይ በስፋት ከሚታወቁት የጠረጴዛ ጨዋታዎች በአንዱ ውስጥ የገበሬ ነፍስ ዋጋው ተቆርጦ ተጽፏል። አራት ነው።

ጨዋታው ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ያወጡት ነው። ለማያውቁት፦ አንድ ሰው ተራኪ ይሆናል፤ የቀሩት ጦረኛ፣ አስማተኛ፣ ሌባ እየሆኑ እሱ ወደሚተርከው ዓለም ይገባሉ፤ የሞከሩት ነገር መሳካት አለመሳካቱን ዳይስ ይወስናል። በ2014 በወጣው አምስተኛ እትም፣ ከጭራቆቹና ከአውሬዎቹ ጋር፣ "ተራ ሰው" የሚል መግለጫ አለ። ጉልበቱ 10፣ ቅልጥፍናው 10፣ አእምሮው 10፣ ሁሉ ነገሩ 10። የሕይወት ነጥቡ 4። መሣሪያው ዱላ። ለገደለው 10 የልምድ ነጥብ። አለቀ። አራሹም፣ ቀጥቃጩም፣ አዋላጇም፣ መጠጥ ሻጯም እነዚሁ ስድስት አሥሮች ናቸው። በ2000 በወጣው ሦስተኛው እትም ጊዜማ "የቤት ድመት ገበሬ ትገድላለች" የሚል ቀልድ በተጫዋቾች ዘንድ ተለምዶ ነበር፤ ቀልዱም ከራሱ ከደንቡ ሒሳብ የወጣ ነው።

የቁጥር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባላነጋገረ። ተራኪ ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ ሙሉ የሕይወት ታሪክ ይጻፍ የሚል የለም። ጥፋቱ የሚጀምረው ጠረጴዛው ላይ ነው። አራት ጀብደኞች መንደር ይገባሉ፤ መጠጥ ቤት ይቀመጣሉ። ባለቤቷ ፈገግ ብላ ዋሻው የት እንዳለ፣ ሽፍታው ማን እንደሆነ፣ የጠፋችው ልጅ የማን እንደሆነች አንድ ሳታስቀር ትዘረግፋለች። ከዚያ አንዱ ተጫዋች ይሰለቸውና በር ላይ የቆመውን ዘበኛ በሰይፍ ይለዋል። ሁሉም ይስቃል። ዘበኛው ሚስት የለው፣ ወንድም የለው፣ ደሙን የሚመልስ አማች የለው። ስሙ ማን ነበር ተብሎ ቢጠየቅ ተራኪው ራሱ ደንግጦ አፉ ላይ የመጣለትን ይሰይማል።

የሚያስቀው ግን ይሄ ነው፦ የደንቡ መጽሐፍ ከሚጫወቱበት ሰዎች የተሻለ ያውቃል። የዋጋ ዝርዝሩን ገልጦ ማየት ነው። ሙያ የሌለው ቀን ሠራተኛ በቀን 2 የብር ሳንቲም ይከፈለዋል። "የድሃ ኑሮ" የተባለው ደግሞ በቀን 2 የብር ሳንቲም ይፈጃል። ሠርቶ በላ፤ ለነገ ባዶ። ልጅ ካለው ዕዳ ውስጥ ነው ማለት ነው። አሥሩ የብር ሳንቲም አንድ ወርቅ ነው። ላም 10 ወርቅ ናት፤ የ50 ቀን ደመወዝ። ቁስል የሚያሽረው ብልቃጥ 50 ወርቅ፤ 250 ቀን። ጦረኛው ከራስ እስከ እግሩ የሚለብሰው የብረት ጥሩር 1,500 ወርቅ ነው። ይህን ለመግዛት ያ ቀን ሠራተኛ ሳይበላና ሳይጠጣ 7,500 ቀን፣ ማለትም ከ20 ዓመት በላይ መሥራት አለበት።

እንግዲህ ጀግናው መንደር የሚገባው የአንድ ሰው ሃያ ዓመት ለብሶ ነው። ጉርሻ ብሎ አንድ ወርቅ ሲወረውር የአምስት ቀን ደመወዝ ወረወረ። መጠጥ ሻጯ ደስ ይላታል? ይላት ይሆናል። ግን ከየት አመጣው? ባለቤቱ ፈልጎ ቢመጣስ? ወርቁ እኔ ቤት ቢገኝ ማን ያምነኛል? በእሷ ቦታ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህን ነው፤ ስለ ዋሻው ማውራት ኋላ ነው።

ሌላው ስህተት ራሱን "እውነተኛ" ብሎ የሚጠራው ነው። ይህኛው ተራኪ ገበሬውን አላቃለልኩም ባይ ነው፤ ስለዚህ መንደሩን በጭቃ፣ በቅማልና በልቅሶ ይሞላዋል። ሁሉም ጥርሱ የረገፈ፣ ሁሉም የሚንቀጠቀጥ፣ ሁሉም ጀግና የሚጠብቅ። ይህ ያው አራት ነጥብ ነው፤ ጭቃ ብቻ ተቀብቶበታል።

ጨዋታው መልኩን የወሰደው ከመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ነውና ማመሳከር ያለበትም ከዚያው ነው። እንግሊዝ አገር በጌታ መሬት ላይ የታሰረ ገበሬ ሴት ልጁን ሲድር ለጌታው ይከፍል ነበር፤ ሲሞት ከከብቶቹ ምርጡን ጌታው ይወስዳል። ጭቆናው እውነት ነው። ግን ያው ሰው ወሰኑ ሲገፋ፣ የጎረቤት ላም ማሳውን ስትበላ፣ ብድሩ ሲቀርበት በዚያው በጌታው ችሎት ይከስሳል፣ ይከሰሳል፤ ነገሩን አጣርተው ቃል የሚሰጡትም የመንደሩ ሰዎች ናቸው። በ1348 የገባው ወረርሽኝ ሕዝቡን ሲጨርስ የተረፈው ሠራተኛ ዋጋውን አስወደደ። መንግሥት በ1351 ደመወዝ ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው እንዳያልፍ ሕግ አወጣ። የሚንቀጠቀጥ ሰው እንዲህ ዓይነት ሕግ አያስወጣም። በ1381 ሲያምፁ ደግሞ በየቦታው የጌቶቹን መዝገብ እየፈለጉ አቃጠሉ፤ ፊደል ያልቆጠረው ሳይቀር የትኛው ወረቀት እንዳሰረው ያውቅ ነበር። ዱላ ብቻ ነው መሣሪያው? ንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ በ1363 ወንዶች በበዓል ቀን ቀስት እንዲለማመዱ አዝዞ ነበር።

ይህን ለመረዳት አማርኛ አንባቢ እንግሊዝ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። አሜሪካዊው ምሁር ጄምስ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ደካሞች ስውር እምቢታ ያሳተመውን መጽሐፍ የከፈተው የኢትዮጵያ ተረት ነው ባለው አባባል ነው። ሐሳቡ ይህን ይመስላል፦ ጌታ ሲያልፍ ብልህ ባላገር ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል፣ እዚያው እንዳጎነበሰ ድምፅ ሳያሰማ ፈሱን ይለቃል። ጨዋታው ያጣው ይህችን ሰከንድ ነው። ወታደር ሲሰፍርበት የኖረ ገባር የታጠቀ እንግዳ ከሩቅ ሲያይ እህሉን ጉድጓድ ያወርዳል፣ ከብቱን ወደ ገደል ይሰዳል፣ ከዚያ በር ላይ ቆሞ "እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ፣ ዘንድሮ ምንም የለንም" ይላል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ፣ መሬቱ ቢለካ ርስቱ የሚሄድበት የመሰለው የጎጃም ገበሬ ግን ጎንበስ ማለቱን ትቶ ጠመንጃውን አወረደ። መቼ ማጎንበስ፣ መቼ መተኮስ እንዳለበት የሚያሰላ ሰው ሁሉ ነገሩ 10 ሊሆን አይችልም።

የሞከሩ ጨዋታዎች አሉ። በ1986 የወጣው የዋርሃመር ጨዋታ ተጫዋቹን አይጥ አጥማጅ አድርጎ፣ ከአንዲት ክፉ ውሻ ጋር፣ ሊያስጀምረው ይችላል። በ2012 የወጣው ደንጀን ክሮል ክላሲክስ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ብዙ መንደርተኞች ይሰጠውና ወደ ዋሻ ይልካቸዋል። አብዛኞቹ በመጀመሪያው ቀን ያልቃሉ፤ የተረፈው ጀግና ይሆናል። ሙያ ተሰጣቸው፣ ጥሩ ነው። ግን አሁንም ሰው ለመሆን መንደሩን ለቆ መውጣት ግዴታ ነው።

"ሰው የሚጫወተው ሊዝናና እንጂ የግብር መዝገብ ሊያነብ አይደለም" የሚል መልስ ይመጣል። መዝገቡን ማን አንብቡ አለ? የሚያሰለቸው እንዲያውም ጥያቄ ሁሉ የሚመለስበት፣ በር ሁሉ የሚከፈትበት መንደር ነው። እስቲ ሌላ መንደር ይታሰብ። ተራራው ላይ ዘንዶ አለ። በዓመት ሁለት በሬ ይወስዳል፤ መንደሩ በዕጣ ይከፍላል፣ በሬው የሄደበትን ሰው በማግስቱ ሁሉም ያርስለታል። ዘንዶው ከመጣ ወዲህ የጌታው ግብር ሰብሳቢ ደፍሮ አልመጣም። እሱ ሲመጣ የሚወስደው ከሁለት በሬ ይበልጥ ነበር። አዝመራው ሊሰበሰብ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አራት የታጠቁ ሰዎች ደርሰው "ልናድናችሁ መጣን" ይላሉ።

መንደሩ ያመሰግናል። እግራቸውን ያጥባል፣ ዶሮ ያርዳል፣ ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ። ሲነጋም መንገድ የሚያውቅ ልጅ ይሰጣቸዋል። ልጁ ከፊት ከፊት እየሄደ፣ እያዜመ፣ ወደ ሌላኛው ሸለቆ ይወስዳቸዋል።