በኤላት ዳርቻ ስለሚደረገው የአዕዋፍ ጉብኝት

በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በእስራኤላዊቷ የኤላት ከተማ አጠገብ፣ ቀድሞ የቆሻሻ መጣያ የነበረው ሥፍራ ጨዋማ ረግረጉ ታድሶ የአዕዋፍ ማረፊያ መናፈሻ ከሆነ ወዲህ፣ በወርኃ ጸደይ ማለዳ ከመሪ ጋር በዚያ መመላለስ፣ ለዓይን ደስታ ብቻ ሳይሆን የፍጥረትን ሥርዓት ለመመርመር የሚያበቃ ትምህርት እንደሆነ አምናለሁ።

ክብደቷ 10 ግራም ያህል የሆነች ትንሽ ወፍ፣ ስፋቱ ከ1,500 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን የሰሐራን በረሃ አቋርጣ፣ በሰውነቷ ያከማቸችውን ስብ ጨርሳ፣ በዚህ ረግረግ ቁጥቋጦ ላይ ስታርፍ የተመለከተ ሰው፣ ጥቂት ቀን ተመግባ ወደ ሰሜን መገስገሷን እንደምትቀጥል መሪው ሲያስረዳው፣ አንዲት ቁጥቋጦን መቍረጥ ምን ያህል በደል እንደሆነ ያለ ስብከት ይገባዋል። በእስራኤል ሰማይ በየመንፈቁ የሚያልፉት አዕዋፍ 500 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል፤ ከእነርሱም መካከል የብርዱን ወራት በእኛው በኢትዮጵያ፣ በዝዋይና በአብያታ ሐይቆች አካባቢ ያሳለፉ ይገኛሉ። ይህን ባሰብሁ ቍጥር ልቤ ይነካል፤ በእስራኤል የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን ቀና ብለው የሚያዩት መንገደኛ፣ ከአያቶቻቸው አገር የመጣ ሊሆን ይችላልና።

ስለዚህ ጉብኝቱ በአማርኛም ሊመራ ይገባዋል እላለሁ፤ ሽመላን፣ ንስርንና ጭልፊትን በገዛ ቋንቋቸው ስም የሚጠሩ አረጋውያን ለወጣቶቹ የሚያስተምሩት አያጡም። እናንተም በኤላት አቅራቢያ ያላችሁ ወላጆች፣ በመጋቢት ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ድምፃችሁንም ዝቅ አድርጉ።