የበረሃው ድንቢጥ

ባለፈው ሳምንት ማታ «ድ»ን ስናስጠና ሰሌዳው ላይ «ድንቢጥ» ብለን ጻፍን። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ቃሉን አንብበው እንደጨረሱ፣ «የወፍ ነገር አታንሱብኝ ልጆቼ፤ ቀኑን ሙሉ ማማ ላይ ወንጭፍ ሳሽከረክር ውዬ መምጣቴ ነው» አሉን። ሁሉም ሳቀ። ማሽላ ሲያሸት ወፍ የሚያደርገውን እናንተ ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ። እናታችን ግን ቆየት ብለው ጠየቁን። «ወፍ እህልና ውሃ ያለበት ይሰበሰባል። ውሃ በሌለበት አገርስ ወፍ የለም ማለት ነው?»

አለ እንጂ። አንዱ የበረሃ ድንቢጥ ይባላል። እኛም በዓይናችን አላየነውም፤ የምናውቀው ከመጽሐፍ ነው።

አገሩ ሰሃራ ነው። ሰሃራ በሰሜን አፍሪካ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ እስከ ቀይ ባሕር የተዘረጋ በረሃ ነው። ውቅያኖስ ማለት እጅግ ትልቅ ባሕር ነው። የሰሃራ ስፋት ኢትዮጵያን ስምንት ጊዜ ያህላል። በብዙው ቦታ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ከ25 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ይህ ዝናብ ሳይፈስ ቢጠራቀም ሁለት ጣት እንኳ አይሞላም። አዲስ አበባ ላይ በዓመት የሚወርደው እንደዚያው ቢጠራቀም ግን የሰው ወገብ ይደርሳል።

ሰሃራ ሲባል ብዙ ሰው አሸዋ ብቻ ይመስለዋል። የሚበዛው ድንጋይና ጠጠር ነው። ይህ ወፍ ግን አሸዋውን ይመርጣል፤ በአሸዋው መካከል ሣር የበቀለበትን፣ አንዳንድ ግራርም የቆመበትን ቦታ። በሞሪታኒያ፣ በሞሮኮ፣ በአልጄሪያ፣ በቱኒዚያ፣ በሊቢያ፣ በማሊ፣ በኒጀር፣ በቻድና በሱዳን ይገኛል። በየአገሩ ተበታትኖ ነው እንጂ እንደ ግሪሳ ሰማይ አይሸፍንም። ለእኛ የሚቀርበው የሱዳኑ ነው። በአገራችን፣ በአፋር በረሃም ቢሆን፣ አይገኝም።

ከቤታችን ጣራ ሥር ጎጆ የሚሠራው ድንቢጥ የሥጋ ዘመዱ ነው። የበረሃው ከእኛው ትንሽ ያንሳል። ክብደቱ 20 ግራም ገደማ ነው፤ ሃምሳው ወፍ በአንድነት ቢመዘን አንድ ኪሎ ቢሆን ነው። ወንዱ ጀርባው ፈዛዛ ግራጫ ነው፤ ጉሮሮው ጥቁር ነው፤ ከመንቆሩ እስከ ዓይኑም ጥቁር ነው። ሴቷ አሸዋ ትመስላለች። አሸዋ ላይ ዝም ብላ ከተቀመጠች ዓይን አይለያትም።

ታዲያ ውሃውን ከየት ያመጣል? የውሃ ጉድጓድ ወይም ምንጭ ሲያገኝ ይጠጣል። ሳያገኝ ሲቀር ግን ብዙ ቀን መቆየት ይችላል። ትልና አንበጣ ሲበላ ከሰውነታቸው እርጥበት ያገኛል። ደረቅ ፍሬ ሲበላ ደግሞ ምግቡ በሆዱ ተፈጭቶ፣ በደሙ ዞሮ ጉልበት ሲሆን ጥቂት ውሃ አብሮ ይወጣል። ይህ በእኛም ሰውነት ውስጥ ይሆናል፤ ለእኛ ግን አይበቃንም።

ዋናው ነገር ግን ያገኘውን ውሃ አለማባከኑ ነው። ነገ ጠዋት የዶሮ ኩስ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ላዩ ላይ ነጭ ነገር አለበት፣ አይደል? ያ ነጩ የዶሮዋ ሽንት ነው። ላም ስትሸና ስንት ውሃ ይፈሳል! ወፍ ግን ሽንቱን እንደ ሊጥ አወፍሮ ያወጣዋል፤ ውሃው ሰውነቱ ውስጥ ይቀራል። ይህ ሀብት የወፎች ሁሉ ነው፤ የበረሃውን ድንቢጥ ግን ነፍሱን ያቆየዋል። በሙቀቱ ወራት ሰሃራ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ወፉም ጠዋትና ማታ ለቅሞ ቀትር ላይ ጥላ ይፈልጋል።

የሚለቅመው በተለይ ድሪን የሚባል የአሸዋ ሣር ፍሬ ነው። ይህን ፍሬ የሰሃራ ሰዎችም ያውቁታል፤ በችግር ጊዜ ሰብስበው፣ ፈጭተው ይበሉ ነበር። ግመልም ሣሩን ይግጠዋል።

ጎጆው ከሣር የተሠራ ድቡልቡል ነው። መግቢያው በጎን ነው፤ ውስጡ ላባና ጸጉር ይነጠፍበታል። ዛፍ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ምን ያደርጋል ብትሉ ጥሩ ነው? ቁራና ጭልፊት ግራር ላይ እንጨት ከምረው ትልቅ ጎጆ ይሠራሉ። ድንቢጡ ከዚያ ክምር ሥር፣ በእንጨቱ መሐል የራሱን ጎጆ ይሸጉጣል። ከጭልፊት እግር ሥር! በቤት ግድግዳ ስንጥቅና በውሃ ጉድጓድ ግድግዳ ውስጥም ይሠራል። ሴቷ ከ2 እስከ 5 እንቁላል ትጥላለች። ጫጩቶቹን ትልና ነፍሳት ያበሏቸዋል።

ድርቁን እንዲህ የቻለ ወፍ አሁን በሌላ በኩል ተፎካካሪ መጥቶበታል። የቤት ድንቢጥ የሚባል ሌላ ዘመድ አለው፤ በአካል ይበልጠዋል፤ ሰው ባለበት ሁሉ ይኖራል። መንገድ ሲሠራ፣ ጉድጓድ ሲቆፈር፣ ተምር በመስኖ ሲለማ ሰውን ተከትሎ ወደ በረሃው ዘለቀ። በአልጄሪያ አንዳንድ ውሃ ገብ መንደሮች የበረሃውን ድንቢጥ ቦታ ወስዷል። ጉድጓዱ ለሰው ሕይወት ነው፤ አይቆፈር የሚል የለም። ወፉ ግን ወደ ዳር ተገፋ። በጠቅላላው ሰሃራ ሲታይ ዘሩ ሊጠፋ ነው ከሚባሉት ወፎች ውስጥ ገና አልተቆጠረም። በሞሮኮ መርዙጋ በሚባል ቦታ ደግሞ ይህን ወፍ ለማየት ብለው ከአውሮፓ ድረስ የሚመጡ እንግዶች አሉ። የአገሩ ሰዎች ጎጆው ያለበትን እያሳዩ ገንዘብ ያገኛሉ።

ከሰሃራ እጅግ ርቆ፣ በእስያ አህጉር፣ በቱርክሜኒስታን በካራኩም በረሃም ይህን የሚመስል ድንቢጥ አለ። ፕሌስኬ የሚባል የሩሲያ ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1896 ገልጾ ጻፈው፤ ዛሩድኒ በሚባለው የወፍ ተመራማሪም ስም ሰየመው። እዚያ በብርዱ ወራት ውሃ ይረጋል። የዚያ አገር ሴት ድንቢጥ አሸዋ አትመስልም፤ ፈዘዝ ብላ ወንዱን ትመስላለች። በዚህና በሌላም ልዩነት የተነሣ ብዙ ሊቃውንት ሁለቱን ለየብቻ ይቆጥሯቸዋል።

ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ለእናታችን ሰጠናቸው። በጣታቸው እየተከተሉ ራሳቸው አነበቡት። «ኩስ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው ሳቁ። ከዚያ ቀና አሉና፣ «ማሽላ ይበላል?» አሉን።

«እሱ ያለበት አሸዋ ላይ ማሽላ አይዘራም» አልናቸው።

«እንግዲያው ይኑር» አሉ።