የልጅ ልጅን ሥራ ለአያት መቁጠር

የመካከለኛው ዘመን መንግሥት መሥራቾች ሲነሡ ጨዋታው ወዲያው «ማን ይበልጣል?» ወደሚል ይዞራል። የግዛቱ ስፋት ይለካል፣ የሥርወ መንግሥቱ ዕድሜ ይቆጠራል፣ ድምሩም በሙሉ ለመጀመሪያው ሰው ይሰጣል። ይህ አመዛዘን የተሳሳተ ነው፤ እኛም አገር ሰውን በድሏል።

ጄንጊስ ካንን እንይ። የእርሱ ነው እየተባለ የሚታየው ያ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ካርታ የልጆቹና የልጅ ልጆቹ ሥራ ነው። እርሱ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1227 ነው። ባግዳድን በ1258 የጣለው ሁላጉ ነው፤ ደቡብ ቻይናን በ1279 ጠቅልሎ የያዘው ኩብላይ ነው። ሁለቱም የልጅ ልጆቹ ናቸው። ከ1260 ጀምሮ ደግሞ ኩብላይና ወንድሙ በዙፋን ይዋጉ ስለነበር፣ ካርታው እንደ አንድ አገር የተቀባው መንግሥቱ ውስጥ ውስጡን በተከፈለበት ጊዜ ነው።

ወደ ራሳችን ስንመጣ አፄ ይኩኖ አምላክን የምናወዳድረው ከማን ጋር ነው? ብዙ ጊዜ ከማንም ጋር። ለማወዳደር የሚመች የዘመን እኩያ ግን ነበረው፤ የግብፁ ሱልጣን ቤይበርስ። ይኩኖ አምላክ የነገሠው ከ1270 እስከ 1285፣ ቤይበርስ ደግሞ ከ1260 እስከ 1277 ነው። የኛው ንጉሥ ጳጳስ እንዲላክለት ለቤይበርስ ደብዳቤ ጽፎለታል፤ የጠየቀውን ግን አላገኘም።

ቤይበርስ ከኪፕቻክ ምድር ተሽጦ የመጣ ባሪያ ነበር። ሞንጎሎች ዐይን ጃሉት ላይ በተሸነፉበት በ1260 ከጦሩ አዛዦች አንዱ ሆኖ ተዋጋ፤ በዚያው ዓመት ሱልጣን ቁጡዝ ሲገደል ከገዳዮቹ ወገን ሆኖ ዙፋኑን ያዘ። የሚጠራው የንጉሥ ዘር ስላልነበረው፣ በዓመቱ ከአባሲዶች ቤት የተረፈ አንድ ሰው ካይሮ ላይ ከሊፋ አድርጎ አስቀመጠ። ከካይሮ ደማስቆ በ4 ቀን መልእክት የሚያደርስ የፈረስ ፖስታም ዘረጋ። ልጆቹ ግን አልዘለቁም፤ ተከታትለው የነገሡት ሁለቱ በ1279 ወርደው ቃላውን የሚባል የጦር አለቃ ነገሠ። ማምሉክ የሚባሉት የእነዚህ ባሪያ ወታደሮች መንግሥት ግን እስከ 1517 ቆመ። በዘር ከለካነው ቤይበርስ የከሸፈ መሥራች ነው፤ በመንግሥት ከለካነው በዘመኑ የሚስተካከለው ጥቂት ነው።

የይኩኖ አምላክ ነገር የዚህ ግልባጭ ነው። ዘሩ ቆየ። እርሱ በ15 ዓመት ያቆመው መንግሥት ግን እስከዚህም የጸና አልነበረም። ልጁ ያግብአ ጽዮን በ1294 ከሞተ በኋላ በ5 ዓመት ውስጥ 5 ነገሥታት ተፈራረቁ። ሥርወ መንግሥቱን ኃያል ያደረገው በ1314 የነገሠው ዓምደ ጽዮን ነው። ነገሥታቱን ከሰሎሞን የሚያወርደው ክብረ ነገሥትም ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው፤ ይኩኖ አምላክ ያኔ በሕይወት የለም። በትምህርት ቤት «ሥልጣኑን ለሰሎሞን ዘር መለሰ» ተብሎ የተነገረን ታሪክ ከድሉ በኋላ የደረጀ መሆኑን ማንም አልነገረንም።

ከላሊበላ ብዙም ሳይርቅ ያለችውን ገነተ ማርያምን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ዙሪያዋን ባለ አራት ማዕዘን ዓምዶች ከበዋታል። ግድግዳዋ ላይ ይኩኖ አምላክ ተሥሏል፤ ከነገሠ በኋላ ያሠራት እርሱ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍም አለ። ከእርሱ በፊት የነገሠውን የዛግዌን ቤት የገለበጠው ንጉሥ መታሰቢያውን ያቆመው በዛግዌ አገር፣ በዛግዌ ሙያ ነው። ይህ ለእኔ አያሳንሰውም፤ እንዲያውም ብልህነቱን የማደንቅለት እዚህ ላይ ነው። ያገኘውን አላፈረሰም። የኛ ትረካ ግን እርሱ ያላፈረሰውን አፈረሰለት፤ ቤተ ክርስቲያን የዛግዌን ነገሥታት ላሊበላንና ነአኩቶ ለአብን በቅድስና እያከበረች፣ የታሪክ መጽሐፎቻችን ግን ቤታቸውን በሁለት «እውነተኛ» ዘመናት መካከል የገባ ጣልቃ አድርገው ጻፉት። የላስታ ልጅ ይህን እያነበበ ማደጉ ያንገበግበኛል።

ከዚህም የባሰው ጨርሶ ያልተጠራው ነው። ይኩኖ አምላክ በሞተበት በ1285 የወላስማ ቤት የሸዋን ሱልጣኔት ጥሎ የኢፋትን ኃይል አጸና። መሥራቹ ዑመር ወላስማ ነው። ዘሮቹ ከኢፋት ተገፍተው አዳልን መሠረቱ፤ እስከ አሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመትም ገዙ። በዕድሜ እንለካ ካልን ይህ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ያላነሰ ነው፤ ከማምሉኮቹ ዕድሜ ጋርም ይቀራረባል። ሆኖም ዑመርን በመሥራችነት አናነሣውም፤ ኢፋት የሚነሣው ዓምደ ጽዮን ሲዘምትበት ብቻ ነው።

መምህራን ውድድሩን ትተው ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ ይህ ሰው በነገሠ ቀን ምን አገኘ፣ በሞተስ ቀን ምን ቀረ? ጥያቄውንም ለይኩኖ አምላክና ለዑመር ወላስማ በአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ፣ በአንድ ገጽ ላይ ያቅርቡት።